ምዕራፍ ሰባት፦ «ይቅር» የሚለው ቁልፍ የገባው ቃል

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ደጋግሞ የሚያያት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። የፊደል መጠን ለመቀየር፣ የሚታተመውን ገጽ ለመምረጥ ወይም የሠራተኛ መረጃ ለማስተካከል ሲነሳ ከዋናው መስኮት ላይ ብቅ ትላለች። የሚሞላውን ታቀርብና ከታች ሁለት ቁልፎች ይዛ መልስ ትጠብቃለች። የሙያው ሰዎች ዲያሎግ ይሏታል። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ «እሺ»፣ ሌላው «ይቅር» ይላል፤ በ«ይቅር» ፈንታ «ሰርዝ» ወይም «መሰረዣ» ብለው የሚጽፉ ፕሮግራሞችም አሉ። ቁልፎቹን ስክሪን ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ዛሬ ያሉት የፕሮግራም መሥሪያዎች ሁለቱንም በአንድ መስመር ትእዛዝ ይደረድሯቸዋል። ስለዚህም ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመሮች ይህን ሥራ እንደ ማስጌጫ ቆጥረው በችኮላ ያልፉታል።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ቁልፎቹ ቃል የሚገቡ መሆናቸው ነው። «ይቅር» የሚል ቁልፍ ያስቀመጠ ፕሮግራመር ለተጠቃሚው እንዲህ ብሎታል፦ «እሺ እስክትል ድረስ ምንም ነገር አልተለወጠም፤ ይቅር ካልክ ሁሉም መስኮቷ ከመከፈቷ በፊት እንደነበረ ይቀራል።» ቁልፉ ራሱ ይህን ቃል መጠበቅ አይችልም። ቃሉ የሚጠበቀው ወይም የሚፈርሰው ከስክሪኑ በስተጀርባ፣ ፕሮግራሙ መረጃውን በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ በፕሮግራም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ስም ሜሞሪ ላይ ያለ አንድ አድራሻን እንደሚያመለክት አይተናል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜውን ክስተት በመጠበቅ፣ ማለትም ማውስ እስኪጫን ወይም ኪቦርድ እስኪነካ በመጠበቅ እንደሚያሳልፍ ተመልክተናል። ሁለቱ ትምህርቶች እዚህ ይገናኛሉ። ቁልፉ ሲጫን አንድ ክስተት ይደርሳል፤ ያ ክስተት ትርጉም የሚኖረው ግን እስከዚያ ድረስ የተጻፈው ነገር በየትኛው አድራሻ ላይ እንደተጻፈ ከታወቀ ነው።

ረቂቁ ሌላ፣ ውሉ ሌላ

አከራይና ተከራይ የቆየ ውላቸውን ለማሻሻል ተቀመጡ እንበል። የተፈረመው ውል መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሚገዛቸውም እሱ ነው። አዲሱ ሐሳብ የሚሰፍረው በሌላ ወረቀት ላይ ነው። ኪራዩ ይህን ያህል ይሁን ይባላል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። የቅድሚያ ክፍያው ከሦስት ወር ወደ ሁለት ዝቅ ይላል። የውሃና የመብራቱን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ክርክር ይነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን መሳቢያ ውስጥ ያለው ውል አንዲት ፊደል አልተነካችበትም። ከተስማሙ በምስክር ፊት ይፈርማሉ፤ አዲሱ ውል የቀድሞውን ይተካል። ካልተስማሙ ረቂቁ ይቀደዳል፤ በማግስቱም የሚሠራው የቀድሞው ውል ነው፤ ድርድሩ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ሁለተኛ ወረቀት ማዘጋጀት አድካሚ መስሏቸው በተፈረመው ውል ላይ በስክሪብቶ እየሰረዙና እየደለዙ ተደራደሩ እንበል። ከተስማሙ ችግር አይታይም፤ ወረቀቱ ቢቆሽሽም የተስማሙበት ቃል ሰፍሮበታል። ካልተስማሙ ግን መመለሻ የላቸውም። በስረዛው ሥር የነበረው ቁጥር ስንት እንደነበረ እርግጠኛ የሚሆን የለም፤ የቀድሞው ውል ጠፍቷል፤ አዲሱም አልተፈረመም። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ሁለቱ አካሄዶች በስምምነት ሲያልቁ ልዩነታቸው አይታወቅም። ልዩነታቸው የሚገለጠው ሰዎቹ ሳይስማሙ ሲነሡ ብቻ ነው።

ዲያሎግ የዚህ ድርድር ጠረጴዛ ነው። ከመከፈቱ በፊት የነበረው መረጃ መሳቢያ ውስጥ ያለው ውል ነው፤ ዲያሎጉ ውስጥ የሚጻፈው ረቂቅ ነው፤ «እሺ» ፊርማ ነው፤ «ይቅር» ደግሞ ረቂቁን መቅደድ ነው። የብዙ ፕሮግራሞች ጉድለት የሚመነጨው ሁለቱን ቁልፎች አስቀምጠው ረቂቁን ሳያዘጋጁ በመቅረታቸው ነው። ሁለተኛው ወረቀት በሌለበት ቦታ «ይቅር» የሚል ጽሑፍ የሚቀድደው ነገር የለውም።

አንድ የደመወዝ መዝገብ በቅርበት

ነገሩን በአንድ ቀላል ፕሮግራም ላይ እንየው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የአንድን ባልደረባ መዝገብ ትከፍታለች። ስም፣ 9,500 ብር ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከሥር ደግሞ የቤተሰብ አባላት ዝርዝር አለ። ደመወዙን ወደ 10,500 ልታሳድግ ስትል አንድ ዜሮ ጨምራ 105,000 ትጽፋለች። ከዝርዝሩም አንድ ስም ታጠፋለች። ወዲያው የከፈተችው የሌላ ሰው መዝገብ መሆኑን ታስተውልና «ይቅር» ትላለች። አሁን ምን ይሆናል? መልሱ ፕሮግራመሩ ከሦስት መንገዶች በመረጠው ይወሰናል።

የመጀመሪያው መንገድ በዲያሎጉ ውስጥ ያለችውን የደመወዝ ሳጥን በቀጥታ ከዋናው መዝገብ አድራሻ ጋር ማገናኘት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ሲነካ መዝገቡም አብሮ ይለወጣል። እዚህ «እሺ» መስኮቷን ይዘጋል፤ «ይቅር»ም መስኮቷን ይዘጋል፤ ሁለቱ ቁልፎች በስም ይለያዩ እንጂ የሚያደርጉት አንድ ነው። ሠራተኛዋ «ይቅር» ብላ ወጥታለችና ምንም አልነካሁም ብላ ታምናለች፤ መዝገቡ ውስጥ ግን 105,000 ተቀምጧል። ይህ ስሕተት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊኖር የሚችለው ፕሮግራመሩ ሥራውን ሲፈትሽ ዘወትር የሚጫነው «እሺ»ን ስለሆነ ነው። ስምምነት ላይ ሁለቱ አካሄዶች አይለዩም ያልነው እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው መንገድ ሳጥኖቹን ራሳቸውን ረቂቅ ማድረግ ነው። ዲያሎጉ ሲከፈት የመዝገቡ ይዘት ወደ ሳጥኖቹ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹ ከመዝገቡ ጋር ግንኙነት የላቸውም። «እሺ» ሲባል ብቻ በሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ተነብቦ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። «ይቅር» ሲባል መስኮቷ ትዘጋለች፤ ሳጥኖቹም ከነጽሑፋቸው ከሜሞሪ ይወገዳሉ። ለትናንሽ ዲያሎጎች ከዚህ የተሻለ አያስፈልግም። ሦስተኛው መንገድ መረጃው ሲበዛ ይመጣል፤ የመዝገቡ ሙሉ ቅጂ በሌላ አድራሻ ላይ ይሠራል፤ ዲያሎጉ የሚያስተካክለው ያንን ቅጂ ነው፤ «እሺ» ሲባል ቅጂው ዋናውን ይተካል።

በሦስተኛው መንገድ ላይ የተደበቀ አንድ ወጥመድ አለ፤ ልምድ ያላቸውንም ይይዛል። ስምና ደመወዝ በራሳቸው የሚቆሙ እሴቶች ናቸው፤ ሲገለበጡ በእርግጥ ሁለት ይሆናሉ። የቤተሰብ አባላት ዝርዝር ግን በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች መዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው በአድራሻው ነው፤ መዝገቡ «ዝርዝሩ እዚያ ነው» ብሎ ያመለክታል እንጂ ስሞቹን አይዝም። መዝገቡ ላዩን ብቻ ሲገለበጥ የሚገለበጠው አድራሻው ነው፤ ስለዚህ ቅጂውም ዋናውም ወደ አንድ ዝርዝር ያመለክታሉ። ረቂቅ ውሉ «ዝርዝሩ በአባሪ አንድ ተያይዟል» ቢልና አባሪው የተፈረመው ውል አባሪ ራሱ ቢሆን፣ ከረቂቁ አባሪ ላይ አንድ መስመር የሰረዘ ሰው ከተፈረመው ውልም ሰርዟል ማለት ነው። ሠራተኛዋ «ይቅር» ስትል ደመወዙ ወደ 9,500 ይመለሳል፤ ከዝርዝሩ የጠፋው ስም ግን እንደጠፋ ይቀራል። ግማሹ የተጠበቀ ቃል ጨርሶ ካልተጠበቀው ይከፋል፤ ሠራተኛዋ ደመወዙ መመለሱን አይታ ሌላውም ተመልሷል ብላ ትተወዋለችና። መፍትሔው አባሪውንም አብሮ መገልበጥ ነው፤ ቅጂው እስከ መጨረሻው እሴት ድረስ ወርዶ ለብቻው የሚቆም መሆን አለበት።

ብዙ በር፣ አንድ ውሳኔ

ከዲያሎግ መውጫው ሁለቱ ቁልፎች ብቻ አይደሉም። በመስኮቷ ጥግ ላይ የኤክስ ምልክት አለ፤ ኪቦርዱ ላይ ደግሞ ኢንተርና ኢስኬፕ አሉ። እነዚህ ሁሉ ወደ ሁለቱ ውሳኔዎች መጠቃለል አለባቸው፤ መጠቃለያው ደንብም ግልጽ ነው። ፊርማ የሚባለው አውቆ የተደረገ ፊርማ ብቻ ነው፤ ሌላው መውጫ ሁሉ ረቂቁን መቅደድ ነው። ከጠረጴዛው ተነሥቶ የሄደ ሰው ፈርሟል አይባልም። የዊንዶውስ ሠሪዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ በቁጥር አስፍረውታል። በዚያ ሥርዓት «እሺ» ቁጥር 1፣ «ይቅር» ቁጥር 2 ነው፤ ኢስኬፕ ሲነካም ሆነ የዲያሎጉ ኤክስ ሲጫን ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ያው ቁጥር 2 ነው።

ሁሉም መሥሪያዎች እንዲህ አያደርጉም። ጃቫ በተባለው ቋንቋ የተለመደው ዲያሎግ «እሺ» ሲባል 0፣ «ይቅር» ሲባል 2፣ መስኮቷ በኤክስ ስትዘጋ ደግሞ -1 ይመልሳል። በሊኑክስ ላይ የሚሠራበት ጂቲኬም እንዲሁ ለመዝጋትና ለ«ይቅር» የተለያዩ ቁጥሮች አሉት። አሁን ፕሮግራመሩ «መልሱ 2 ካልሆነ መዝግብ» ብሎ ጻፈ እንበል። ሲነበብ ትክክል ይመስላል፤ ይቅር ካላለ እሺ ብሏል የሚል ነው። ነገር ግን በኤክስ የወጣ ሰው -1 ስለሚልክ፣ -1 ደግሞ 2 ስላልሆነ፣ ሸሽቶ የወጣው ሰው ረቂቅ ይመዘገባል። ትክክለኛው አጻጻፍ «መልሱ 0 ከሆነ ብቻ መዝግብ» ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ ዝም ማለትን እንደ ስምምነት በሚቆጥርና በማይቆጥር ሕግ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ደንብ አለ። «እሺ» ሊከለከል ይችላል፤ «ይቅር» ግን ፈጽሞ መከልከል የለበትም። ደመወዝ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ፊደል ከገባ ፕሮግራሙ «እሺ»ን አልቀበልም ማለቱ ተገቢ ነው፤ ጉድለት ያለበት ውል አይፈረምም። ረቂቁን ለመቅደድ ግን ረቂቁ ትክክል መሆኑ አያስፈልግም። ሆኖም ተጠቃሚው «ይቅር» ሲል «በመጀመሪያ ቁጥሩን ያስተካክሉ» ብለው የሚይዙ ፕሮግራሞች አሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ሳይነካ የተተወ ቅንብር ነው። ለምሳሌ ዊንዶውስ ፎርምስ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሥሪያ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ ከእሱ በፊት የተሞላው ሳጥን ትክክለኛነት እንዲፈተሽ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ፕሮግራመሩ ለ«ይቅር» ይህን ፍተሻ በእጁ ካላጠፋው ተጠቃሚው በገዛ ስሕተቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

የቁልፎቹ ቦታም ያከራክራል፤ ዊንዶውስ ላይ «እሺ» ከ«ይቅር» በስተግራ ይቀመጣል፤ በአፕል ማክና በሊኑክሱ ጂኖም ላይ ደግሞ ማጽደቂያው በቀኝ ጥግ ነው። ለሁለቱም ምክንያት ይቀርባል፤ አንደኛው ዓይን መጀመሪያ የሚያገኘውን ያስቀድማል፤ ሌላው ንባቡ የሚያልቅበትን ጥግ ይመርጣል። ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚጎዳው መቀላቀል ነው፤ እጅ የለመደውን ቦታ ሳያስብ ይነካልና። ስለዚህ ኪውት የተባለው መሥሪያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ጥሩ መፍትሔ ይዟል፤ ፕሮግራመሩ የቁልፉን ቦታ አይናገርም፣ ይህ የሚያጸድቅ ነው፣ ይህ የሚተው ነው፣ ይህ የሚያጠፋ ነው ብሎ ሚናውን ብቻ ይናገራል። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ኮምፒውተር ልማድ መሠረት መሥሪያው ራሱ ይደረድራቸዋል። ይህ ከክርክራችን ጋር ይስማማል፤ ቁልፍን ቁልፍ የሚያደርገው በረቂቁ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው።

ፊርማ የሚፈረመው ጽሑፉ ከተነበበ ነው

እስካሁን ስለ ረቂቁ አቀማመጥ ተናገርን። ፊርማው ትርጉም እንዲኖረው ግን ፈራሚው የሚፈርምበትን ማወቅ አለበት፤ እዚህ ላይ በቁልፉ ላይ የሚጻፈው ቃልና ከበላዩ ያለው ጥያቄ ይመጣሉ። አፕል ሊዛ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን ኮምፒውተር ሲያዘጋጅ የማጽደቂያው ቁልፍ በእንግሊዝኛ «ዱ ኢት»፣ ማለትም «አድርገው» የሚል ነበር። በላሪ ቴስለር መሪነት ተራ ሰዎች እንዲሞክሩት ሲደረግ አንዳንዶቹ ቁልፉ ጋ ሲደርሱ ይደናገሩ ነበር። በስክሪኑ ፎንት ላይ ሁለቱ ቃላት ተጠጋግተው «ዶልት»፣ ማለትም «ደደብ» የሚል ስድብ መስለው ይነበቡ ነበርና። ቁልፉ ወደ «ኦኬ» ተለወጠ፤ ያ ቃልም በየሥርዓቱ ተዛመተ። «ኦኬ» አይሳሳትም፣ አጭር ነው፣ ማንም ያውቀዋል። ድክመቱ በምን ላይ እንደተስማማን አለመናገሩ ነው። ባዶ ወረቀት ሥር ያለ ፊርማ ይመስላል።

ይህ ድክመት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳይ በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2020 ሲቲባንክ ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ላበደሩ ወደ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሊልክ ተነሣ። በባንኩ ፕሮግራም አሠራር የብድሩ ዋና ገንዘብ ከባንኩ እንዳይወጣ ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት መደረግ ነበረበት፤ የተደረገው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ሞላ፣ ሁለተኛው ተመለከተ፣ ሦስተኛው አጸደቀ። በመጨረሻው እርምጃ ላይ ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ገንዘብ ከባንኩ እንደሚወጣ ገልጾ ይቀጥሉ እንደሆነ ጠየቀ። ተቀጠለ። ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጣ። ከተቀባዮቹ ከፊሎቹ 500 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን አንመልስም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በኒውዮርክ የሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ውሳኔው በይግባኝ የተሻረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ነው።

ሠራተኞቹ ተዘናግተው ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሦስት ሰዎች አንድ ነገር አይተው ሦስቱም ካላዩት ግን የታየውን ነገር መመርመር ይገባል። ማስጠንቀቂያው ስንት ገንዘብ እንደሚወጣ አይናገርም ነበር። ወለዱም በትክክል ከባንኩ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለ7.8 ሚሊዮኑም ለ900 ሚሊዮኑም እኩል እውነት ነበር። በትክክለኛውም በተሳሳተውም ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል የሚናገር ማስጠንቀቂያ ሁለቱን ሊለይ አይችልም፤ ማንበብም አለማንበብም ልዩነት አያመጣም። ከመፈረም በፊት ውሉ ለፈራሚዎቹ ይነበባል፤ የሚነበበውም ቁጥሩና ስሙ ነው። «ውል ሊፈርሙ ነው፣ ይቀጥሉ?» ብቻ የሚል ጸሐፊ ሥራውን አልሠራም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ሁለት ነው። ጥያቄው ያለውን ረቂቅ ይናገር፤ «የ12 ሠራተኞች ደመወዝ፣ በድምሩ 131,000 ብር፣ ይላክ?» ይበል። ቁልፉም የሚያደርገውን ይናገር፤ «እሺ» ከማለት «ላክ»፣ «አትም»፣ «ፋይሉን አጥፋ» ይበል። በአማርኛ ፕሮግራሞች ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። «ትእዛዙ ይሰረዝ?» ብሎ ጠይቆ ከሥሩ «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ቁልፎችን የሚያስቀምጥ ዲያሎግ ተጠቃሚውን ግራ ያጋባል፤ ትእዛዙን የሚሰርዘው የትኛው ነው? «ትእዛዙን ሰርዝ» እና «ትእዛዙ ይቆይ» ቢባል ጥያቄውን እንኳ ሳያነብ የሚፈልገውን ያገኛል። የዊንዶውስ ኖትፓድ ፋይል ሳይቀመጥ ሲዘጋ «አዎ» እና «አይ» ይል የነበረውን ትቶ «አስቀምጥ» እና «አታስቀምጥ» ወደሚል የተሸጋገረው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ጨርሶ ባይኖሩስ?»

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በስልክ ላይ የድምፅ መጠን ስንቀይር «እሺ» የሚል የለም፤ ወዲያው ይለወጣል። የማክ ሴቲንግም፣ የአሁኑ የዊንዶውስ ሴቲንግም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። ታዲያ ረቂቅና ፊርማ ያለፈበት ሥርዓት አይደለምን? ተቃውሞው በግማሽ ትክክል ነው። ለውጡ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ውጤቱ ወዲያው ከታየ፣ መመለሱም ያንኑ ነገር እንደገና መንካት ብቻ ከሆነ ረቂቅ ማዘጋጀት ትርፉ ድካም ነው። ብዙ ለውጦች በአንድ ላይ ካልሆኑ ትርጉም የማይሰጡ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የባንክ ቁጥሩ ተቀይሮ የባንኩ ስም ገና ያልተቀየረበት መዝገብ፣ ለቅጽበትም ቢሆን፣ ወደማይሆን ቦታ ገንዘብ ሊልክ ይችላል። ግማሽ ውል የሚባል ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ መረጃ አንድ ላይ ይጸድቃል ወይም አንድ ላይ ይቀራል።

በሁለቱ መካከል የሚወድቅ አንድ ጉዳይ ደግሞ የሐሳቡን ጥንካሬ ያሳያል። የስክሪን ጥራት ሲቀየር ውጤቱ ካልታየ ማጽደቅ አይቻልም፤ ካልሠራ ደግሞ ስክሪኑ ሊጠቁርና «ይቅር» የሚለው ቁልፍ ራሱ ላይታይ ይችላል። ዊንዶውስ ለውጡን ያደርግና «ይህ ይቆይ?» ብሎ ጠይቆ 15 ሰከንድ ይቆጥራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ይቆይ» ያለ ካልተገኘ በራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ቢመስልም ደንቡ ያው ነው፤ የቀድሞው ሁኔታ ተጠብቆ ተቀምጧል፤ ዝምታም እንደ ፊርማ አልተቆጠረም። እንዲሁም «ተግብር» የሚል ሦስተኛ ቁልፍ ያላቸው ዲያሎጎች መስኮቷን ሳይዘጉ ረቂቁን ያጸድቃሉ። ከዚያ በኋላ «ይቅር» የሚመልሰው ከ«ተግብር» ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ነው። ዊንዶውስ መመለስ የማይቻል ነገር ለሚተገብሩ ፕሮግራሞች ልዩ ትእዛዝ አዘጋጅቷል፤ ትእዛዙ «ይቅር»ን አደንዝዞ በ«እሺ» ቦታ «ዝጋ» ብሎ ይጽፋል። መጠበቅ የማይቻል ቃል ከስክሪኑ ይነሣል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ለተጠቃሚው ያለውን አክብሮት ያሳያል።

ሌላው ተቃውሞ የጄፍ ራስኪን ነው። በአፕል የማኪንቶሽን ሥራ የጀመረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ሲደጋገም ሰው መልሱን ሳያስብ መስጠት ይለምዳል፤ ያኔ ጥያቄው ከምንም አያድንም፤ ይልቅ የተደረገውን መመለስ የሚቻልበት መንገድ ይዘጋጅ ብሎ ተከራክሯል። ትክክል ነው፤ ሊመለስ በሚችል ሥራ ላይ ሁሉ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ፕሮግራም ተጠቃሚውን እንዳያነብ ያሠለጥነዋል። ማረጋገጫ መጠየቅ ያለበት ሊመለስ በማይችል ነገር ላይ ነው፤ ገንዘብ ሲላክ፣ ደብዳቤ ሲወጣ፣ ዲስክ ሲጠረግ። ነገር ግን ከድርጊት በኋላ መመለስም ቢሆን የቀድሞው ሁኔታ የሆነ ቦታ ካልተቀመጠ አይቻልም። ራስኪን የሚጠይቀው መመለሻ ያንኑ ቃል ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ ነው፤ ረቂቁን የሚያስቀር ሳይሆን የቀድሞውን ውል ከፊርማም በኋላ ከመሳቢያ አታውጡት የሚል ነው።

ቅጂ ሜሞሪ ይበላል የሚሉም አሉ። ለአንድ መዝገብ ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። መረጃው እጅግ ሲበዛ ደግሞ ሙሉውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ የተለወጡትን ብቻ በዝርዝር መያዝ ይበቃል፤ ረቂቁ «በአንቀጽ ሦስት ላይ ይህ በዚህ ይተካ» የሚል ማሻሻያ ይሆናል።

ማንም ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ

ይህን ሐሳብ ለመፈተሽ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። በምትጠቀሙበት ፕሮግራም ውስጥ ጉዳት በማያመጣ የሙከራ መዝገብ ላይ አንድ ዲያሎግ ክፈቱ። ያሉትን ሳጥኖች ሁሉ ቀይሩ፤ ዝርዝር ካለ ጨምሩበት፣ ቀንሱበት፤ አንዱን ሳጥን ሆን ብላችሁ በስሕተት ሙሉ። ከዚያ «ይቅር» በሉና መልሳችሁ ክፈቱት። ሌላ ጊዜ በኢስኬፕ ውጡ፤ ሌላ ጊዜ በኤክስ። በሦስቱም መውጫዎች የሚከለክላችሁ ከሌለና መዝገቡ ከነዝርዝሩ እንደነበረ ካገኛችሁት ፕሮግራሙ ቃሉን ይጠብቃል። አንዲት ነገር እንኳ ተለውጣ ከተገኘች፣ ለአሠሪውም ለሠሪውም መንገር የሚገባ ጉድለት አግኝታችኋል፤ በየትኛው መውጫ፣ በየትኛው ሳጥን ላይ እንደሆነ መግለጽ ለፕሮግራመሩ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ለፕሮግራመሩ ደግሞ ትእዛዙ የቅደም ተከተል ነው። ቁልፎቹን ከማስቀመጡ በፊት ረቂቁ የት እንደሚቀመጥ፣ አባሪዎቹስ ከዋናው መለየታቸውን፣ በሩ ሁሉ ወደ የትኛው ውሳኔ እንደሚያመራ ይወስን። ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ደፍረው የሚማሩት፣ ነክተው የሚያዩት፣ ሞክረው የሚተዉት ማፈግፈግ እንደሚቻል ሲያምኑ ነው። አንድ ጊዜ «ይቅር» ብሎ የተታለለ ሰው ከዚያ በኋላ መንካት ይፈራል፤ ሥራውንም በሚያውቀው ጥቂት መንገድ ብቻ ይገድበዋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህንኑ ቃል ከአንድ መስኮት አውጥተን ወደ ሙሉ ቀን ሥራ እናሰፋዋለን፤ አንድ ፕሮግራም መቶ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ እንዲችል የቀድሞውን ሁኔታ እንዴት እንደሚይዝ እናያለን።